ስምን ማን ያወጣዋል? ስለ አንድ ልብ ወለድና ስለ ኦቲዝም ተማሪዎች

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህም የሰው ስም ከግብሩ ጋር የሚስማማ መሆኑን ለማመልከት የተነገረ ነው። ነገር ግን መልአክ ያላወጣቸው ስሞችም አሉ። አንዱን ስም ሐኪም በመዝገቡ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛውን የትምህርት ሹም በደንቡ ውስጥ ያገባዋል፤ ሦስተኛውን የመንደር ልጅ አጥር ተደግፎ ይጮኸዋል። ሦስቱም በአንድ ሕፃን ላይ ባረፉ ጊዜ፣ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ከሥራቸው ተቀብሮ ይቀራል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው መጽሐፍ ይህን ነገር በግልጥ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች፣ ይልቁንም የትምህርትን ሥራ ለሚመሩ ሹማምንት የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

መጽሐፉ እንግሊዛዊው ደራሲ ሚስተር ማርክ ሃደን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ልብ ወለድ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሌሊት የደረሰው እንግዳ የውሻ ነገር» እንደ ማለት ነው። በአገሩ ዊትብሬድ የተባለውን የዓመቱን መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም ወደ ቴአትር ተመልሶ በሎንዶን ብሔራዊ ቴአትር ቤት ታይቷል። ታሪኩን የሚነግረን ስዊንደን በምትባል ከተማ የሚኖር ክሪስቶፈር ቡን የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ነው። የጎረቤቱን ውሻ በአትክልት መንሽ ተወግቶ ሞቶ ያገኘዋል፤ ገዳዩንም ፈልጎ ለማግኘት ቆርጦ ይነሣል፤ ፍለጋውም በገዛ ቤቱ ተሸሽጎ ከኖረ ምስጢር ላይ ያደርሰዋል። ይህ ልጅ ሒሳብ እጅግ ይወዳል። እንግዳ ሰው ሲነካው ይማታል፤ ድምፅና ሰው በበዛበት ስፍራ ያቃስታል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ 4 ቢጫ መኪኖች ተከታትለው ቢያይ፣ ያ ቀን ለእርሱ ጥቁር ቀን ነውና ከማንም ጋር አይነጋገርም፣ ምሳውንም አይበላም።

እንዲህ ያለውን ጠባይ ሐኪሞች ኦቲዝም በሚባለው ሰፊ ዘርፍ ውስጥ ይቆጥሩታል። ቃሉ «ራስ» ከሚል የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ በልጆች ረገድ የታወቀው ዶክተር ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የ11 ልጆችን ሁኔታ መርምረው ከጻፉ ወዲህ ነው። የሚያስደንቀው ግን በልብ ወለዱ ውስጥ ሐኪሞች የሰጡት ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሣቱ ነው። ደራሲው ዝም ማለታቸውን እኛ እንደ ትልቅ ጥበብ እንቈጥረዋለን። አንባቢው ስሙን አስቀድሞ ቢሰማ ኖሮ፣ ስለ በሽታ የሚያውቀውን ሁሉ ከልጁ ላይ ከምሮ ልጁን ሳያየው ባለፈ ነበር። አሁን ግን ከክሪስቶፈር ጋር የውሻውን ገዳይ ሲፈልግ፣ ሲፈራ፣ ሲቈጣ ይቈይና፣ ስሙ ትዝ ሲለው ልጁን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ሌላ ስም በመጽሐፉ ውስጥ ይሰማል። ክሪስቶፈርና የትምህርት ቤቱ ልጆች ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ በአቅራቢያው ካለ ሌላ ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆች «ልዩ ፍላጎት» እያሉ ይጮኹባቸዋል። አንባቢያችን ይህን ስፍራ በዝግታ እንዲያነበው እንለምናለን። ይህ ስም በአገራችንም የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የሚሠራበት ነው፤ የወጣውም የቀድሞዎቹ ስሞች ስድብ ሆነው ስለ ተገኙ፣ በበጎ አሳብ ነበር። በጽሕፈት ቤት በርኅራኄ የተመረጠው ቃል ከጎዳና ሲደርስ ድንጋይ ሆኖ ተወረወረ። ጥፋቱ በቃሉ አይደለም። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች የሚያገናኛቸው የአውቶቡስ መውረጃ ብቻ በመሆኑ፣ የወዲያኞቹ ልጆች የወዲህኞቹን የሚያውቋቸው በዚያ ስም ብቻ ነው። አብረው ያልተቀመጡ፣ አብረውም ያልተጫወቱ ልጆች ከስም በቀር ምን ሊተዋወቁ ይችላሉ?

የመጽሐፉ ዋና ውበት መምህርቷ ሾቫን ናት ብንል አንሳሳትም። ክሪስቶፈር ሰዎች «ዝም በል» ብለው ለስንት ጊዜ ዝም እንደሚል አለመንገራቸው ያስቸግረዋል። ሾቫን ግን አንድ ነገር አታድርግ ስትለው፣ የተከለከለው ምን እንደ ሆነ ለይታና ዘርዝራ ትነግረዋለች። ሰው ሲደሰት፣ ሲያዝን፣ ሲገረም ፊቱ ምን እንደሚመስል በወረቀት ሥላለት ነበር፤ እርሱም ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሲነጋገር እያወጣ ያስተያይ ጀመር። የሰው ፊት ግን ፈጥኖ ይለዋወጣልና ዘዴው ሳይሳካ ቀረ። ነገሩን ሲነግራት፣ እንዲህ ወረቀት እያወጣ ፊታቸውን ሲመለከት ሰዎቹ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል ሌላ ፊት ሥላ አሳየችውና ሣቀች። ልጁ ወረቀቱን ቀዶ ጣለው፤ መምህርቷም ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ ያልገባውን ነገር መጠየቅን ወይም ትቶ መሄድን ተማረ። ስንት መምህር ነው ዘዴው ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱን ከተማሪው ላይ ሳይጥል ይቅርታ የሚጠይቅ? ይህች አጭር ታሪክ ብዙ ገጽ ካለው የማስተማሪያ መመሪያ የበለጠ ታስተምራለች።

በዚሁ አንጻር የርእሰ መምህርቷን ነገር ተመልከቱ። ክሪስቶፈር ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ከፍተኛ የሒሳብ ፈተና ለመፈተን ሲጠይቅ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ማንም ተፈትኖት ስለማያውቅ ርእሰ መምህርቷ እንቢ አለች። ምክንያቷ አንዱን ለይተን ካስተናገድን ሁሉም ተለይቶ መስተናገድን ይሻል የሚል ነው። አባትየው ግን ለፈተናው ተቈጣጣሪ ከኪሱ እስከ መክፈል ደርሶ ስለ ተከራከረ በመጨረሻ ተፈቀደለት። ይህን የርእሰ መምህርቷን ቃል በየጽሕፈት ቤቱ ያልሰማ ማን ነው? እኛ ግን ለመልሱ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በየኔታ ጉባኤ አንዱ ልጅ ፊደል ሲቈጥር፣ ሁለተኛው መልእክት ሲያነብ፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግም ነበር፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል፤ ሁሉም እንደ ችሎታው በየደረጃው ይሄዳል። አለንጋው ቀርቶ ይህ ሥርዓት ቢታሰብ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ሁኔታው ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

እስካሁን ያመሰገንነውን ያህል አሁን ነቀፌታችንን እንናገር። ክሪስቶፈር የሚማርበት ክፍል ባዶ አይደለም፤ ሌሎች ልጆች አሉበት። ነገር ግን ደራሲው እነዚያን ልጆች የሚያሳዩን በጨረፍታ ነው፤ ያውም በክሪስቶፈር ዐይን፣ እርሱ ራሱ በሚንቃቸው አኳኋን። አንዳቸውም ሲናገሩ፣ ሲመኙ፣ ሲያዝኑ አንሰማም። ተራኪው ልጁ ስለ ሆነ እርሱ የማያየውን ደራሲው ሊያሳዩ አይችሉም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሾቫን የምታየውን ልጁ ባይረዳውም ደራሲው እንድንረዳው አድርገዋልና ለሌሎቹም ይህን ያህል በር መክፈት አያቅታቸውም ነበር። ከዚህ የተነሣ መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ፣ በኦቲዝም የተያዘ ሁሉ የሒሳብ ሊቅ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን እንዲህ ያለ ተሰጥዎ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከልጆቹ አንዳንዱ አፉን ፈትቶ አይናገርም፤ አንዳንዱም ልብሱን ለመልበስ ረዳት ይሻል። እናት ልጇን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት በመጣች ጊዜ «ምን ተሰጥዎ አለው?» ተብላ ብትጠየቅ፣ የልጁ መብት በፈተና ውጤት የሚገዛ ሆነ ማለት ነው። ደራሲው ይህን ባያስቡትም፣ የመጽሐፉ አደጋ ከዚህ ላይ ነው።

ይህንኑ ለማመዛዘን ዶክተር ቴምፕል ግራንዲን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙትን የሕይወት ታሪክ ከልብ ወለዱ አጠገብ ማስቀመጥ ይገባል። እኒህ አሜሪካዊት ሴት እ.ኤ.አ. በ1947 ተወልደው እስከ 3 ዓመት ተኩል ገደማ ቃል አልተናገሩም። ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ አንዲት ልጅ ብትሰድባቸው መጽሐፍ ወርውረውባት ከትምህርት ቤት ተባረሩ። በተላኩበት በሌላው ትምህርት ቤት ግን አንድ የሳይንስ መምህር አገኙ። ግራንዲን ከብት በመርፌ ሲወጋ የሚያዝበትን መያዣ አይተው ለራሳቸው ጭንቀት ማብረጃ የሚሆን መሣሪያ በሠሩ ጊዜ፣ ሌሎች እንደ እብደት ቈጠሩት፤ መምህሩ ግን ለምን እንደሚያረጋጋ በሳይንስ መርምሪ አሏቸው። ከዚያ ምርምር የተነሣው መንገድ ስለ እንስሳት አያያዝ በዩኒቨርሲቲ እስከ ማስተማር አደረሳቸው። ከልብ ወለዱ ይልቅ በዚህ መጽሐፍ ጐልቶ የሚታየው፣ ተሰጥዎው ከመምህሩ በፊት ያልታወቀ መሆኑ ነው። ልጂቱ የተጠበቀችው ሊቅ መሆኗ ስለ ታየ አይደለም፤ ስለ ተጠበቀች እንጂ ችሎታዋ ታየ።

በአገራችንም ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ» የተባለ የንግግር ማለማመጃ አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በቤት ተሸሽገው የሚኖሩ ልጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ ሳይታክቱ ተናገሩ። መንግሥታችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቋል፤ በዚያም ስምምነት የመማር መብት ተጽፏል። እናት ብቻዋን የጀመረችውንና ሕግ በወረቀት የተቀበለውን የሚያገናኘው ግን፣ በየቀበሌው ያለ አንድ መምህርና አንድ ጎረቤት ነው።

በልብ ወለዱ ውስጥ አሌክሳንደር የተባሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉ። ክሪስቶፈር ከማያውቀው ሰው ቤት አልገባም ቢላቸው አልተቀየሙም፤ ከበራፋቸው ቆሞ እንዲጠብቅ ነግረው የሚጠጣና የሚበላ ሊያመጡለት ገቡ። ስለ ዘገዩ ልጁ ፈርቶ ሄደ፤ ሌላ ቀን ግን ተመልሶ አነጋገራቸው። የአንድ መንደር ኑሮ የሚታነጸው በእንደዚህ ያለ ትዕግሥት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ ዛሬ አንዲት እናት ብቻዋን የተሸከመችውን መምህሩ፣ ዕድርተኛው፣ የክፍል ጓደኛውና ሹሙ ቢካፈሉት ሸክምነቱ ይቀራል። ይህን መጽሐፍ ያነበበ መምህር ነገ ጠዋት ስም ሲጠራ፣ ከመዝገቡ ውስጥ ሐኪም የጻፈውን ሳይሆን እናት ያወጣችውን ስም አስቀድሞ ቢጠራ፣ ደራሲው ደክመው የጻፉት በከንቱ አልሆነም እንላለን።