ጓዝ የሌለው ባለታሪክ

የአማርኛ ልብ ወለድ መጻሕፍት ባለታሪኮች መንገደኞች ናቸው። አንዱ ለትምህርት፥ አንዱ ለፍቅር፥ ሌላውም ለግዳጅ ከሚኖርበት ስፍራ ተነሥቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱን በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ ጉድለት ሳይታየው አይቀርም። ሚስትና ልጆች፥ አሮጊት እናት፥ አልጋና ምጣድ ያለው አባወራ፥ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብሎ ከቤተ ሰቡ ጋር ተማክሮ፥ ስለ ሥራው ሲል ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር ከዚህ በታች በምንጠቅሳቸው ታላላቅ መጻሕፍት ውስጥ አናገኘውም። ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዚህ መጽሔት አንባብያን አብዛኛዎቹ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን እንደ መሆናቸው መጠን፥ የዝውውር ደብዳቤ ወደ ቤት የገባበትን ማታ ያውቁታልና።

ከጥንቱ እንጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት፥ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ የተበተነ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ዋህድ ውለታ ሊከፍል ወጥቶ በባርነት እጅ ሲወድቅ፥ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። እዚህ ላይ ቤተ ሰብ በእርግጥ ይንቀሳቀሳል፤ ዳሩ ግን የሚያንቀሳቅሰው ጦርነትና መከራ ነው እንጂ ምክር አይደለም። በ1941 ዓ.ም. የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ደግሞ በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰ ወጣት ያሳየናል። «የት ሆኜ ባገለግል ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉ አንድ ትልቅ ጉዳይ ቢሆንም፥ ክርክሩ የተማረ ሰው ከአገሩ አሠራር ጋር የሚያደርገው ነው፤ ከትዳር ጓደኛና ከልጆች ጋር የሚደረግ ክርክር ሆኖ አልተጻፈም።

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በዛብህ ከጎጃም ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የሚጭነው ጓዝ የለውም፤ ሰብለ ወንጌልም እርሱን ስትከተል የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለች። ይህን ከጦቢያ ታሪክ ጋር ስናስተያየው የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ሴት ልጅ አገር አቋርጣ የምትጓዘው ማንነቷን በልብስ ሸሽጋ ነው። ለደራሲዎቻችን ሴት ሴትነቷን፥ ሚስትነቷን ወይም እናትነቷን ሳትደብቅ ከተማ የምትለውጥበት መንገድ ገና አልታያቸውም ነበር ማለት ነው።

በሥራ ምክንያት ከከተማ ወደ ከተማ የመሄድን ነገር ከሁሉ ይልቅ ቀርቦ የነካው በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ይመስለናል። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለ ነበሩ፥ ትእዛዝ እንዴት እንደሚወርድና ሠራተኛ እንዴት እንደሚቀበለው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ለ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ሲሄድ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ አሥመራ ሌላ ሕይወትና ሌላ ፍቅር ይዛ ትጠብቀዋለች። ሥራ ሰውን ከቤቱ ሲለየው ቤቱ በማን ኪሣራ እንደሚቆም ይህ መጽሐፍ ከቀደሙት ሁሉ ይልቅ ያሳያል። ሆኖም ጸጋዬ ገና ጎጆ ያልወጣ ሰው ነው፤ አብሮት የሚሄድ ወይም የሚቀር ልጅ የለውም።

«የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ምን የሥነ ጽሑፍ ቁም ነገር አለው? ልብ ወለድ የሚሻው ታላቅ ፍቅርና ታላቅ መከራ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱ ራሱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ የልጃቸውን ጠያቂዎች ሲመልሱ፥ ደራሲው ከአንድ የቤት ውስጥ ጉዳይ የአንድን ሥርዓት ጠቅላላ ሁኔታ አሳይተዋል። ጋብቻ የሚመከርበት አዳራሽ ይህን ያህል ታሪክ ከወለደ፥ ዝውውር የሚመከርበት ማድቤትም አያንስም።

ጉዳዩ ሩቅ አለመሆኑን ለማስረዳት በዘመናችን የሆነውን እንጥቀስ። ሐዋሳ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ከየዞኑ የመጡ ሠራተኞች ቤት ሠርተው፥ ልጆች አሳድገው፥ ዕድር ገብተው ይኖሩባት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል፥ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተቋቋሙ። አዲሶቹ ክልሎች መሥሪያ ቤቶቻቸውን በአንድ ከተማ ብቻ አላከማቹም፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ለምሳሌ ወላይታ ሶዶን፥ አርባ ምንጭን፥ ዲላን፥ ጂንካንና ሌሎችንም ከተሞች መቀመጫው አድርጓል። እንግዲህ አንዱ ሠራተኛ ዲላ፥ ባልንጀራው ጂንካ ቢመደቡ፥ ደብዳቤው አንድ ዓይነት ቢሆንም ውሳኔው አንድ ሊሆን አይችልም። ዲላ ከሐዋሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ስለ ሆነች የዲላው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ሊደርስ ይችላል፤ የጂንካው ግን ወይ ጠቅልሎ መሄድ ወይ ቤተ ሰቡን በስልክ ማሳደግ ይኖርበታል።

ምክሩ ሲጀመር መጀመሪያ የሚቆጠረው ገንዘብ ነው። በአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ማስተዳደር ምን ያህል ያስወጣል? ሚስት መምህርት ከሆነች እርስዋም በአዲሱ ከተማ የምትመደብበት ቦታ ትሻለች፤ ቦታው ካልተገኘ የባል ዕድገት የሚስት ከሥራ መውጣት ይሆናል። ቀጥሎ የልጆች ነገር ይመጣል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ እንዲሰጥ ስለ ተደነገገ፥ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ከተማ ሲለውጥ የሚማርበትንም ቋንቋ ሊለውጥ ይችላል። በመጨረሻም በገንዘብ የማይተመነው አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል ለሚዛወር ቤተ ሰብ ከባድ ሒሳብ ነው፤ የዓመታት መዋጮ የተከፈለበት ዕድርና ሌሊት ሲጠሩት የሚደርስ ጎረቤት በካርቶን ታሽገው አይጫኑምና።

በእነዚህ ነገሮች ላይ የሚናገረው ማን ነው? ዝም የሚለውስ? ትችታችን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤት አባወራው ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ይሰነብትና፥ ልቡ ከቆረጠ በኋላ ምክር የሚመስል ማስታወቂያ ያነባል። ሚስት «አንተ ካልህ» ትላለች፤ ስምምነት ይሁን ቅሬታ ሳይለይ ጓዙ ይታሰራል። ትልቂቱ ልጅ ከጓደኞቿ መለየቷን የምታውቀው የመኪናውን ቀን ስትሰማ ነው። ይህን ዝምታ መስማትና በሰው አፍ ማናገር የደራሲ ሥራ ነበረ። ልጅነታችን የዘመድ ጋብቻ ጠብና ዕርቅ ሲነበብለት ስላደገ፥ ስለ ጋብቻ እንዴት እንደሚከራከሩ እናውቃለን፤ ስለ ዝውውር እንዴት እንደሚመካከሩ ግን ያነበብነው ምሳሌ የለንም።

እኛ መሄድ ይበልጣል ወይም መቅረት ይሻላል ብለን አንፈርድም። ተዛውረው ቤታቸው የለማ አሉ፤ «ጎመን በጤና» ብለው ቀርተው ያልተጸጸቱም አሉ። ክፉው ነገር አንድ ሰው ብቻ ወስኖ ሁሉም የሚከፍለው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ የደረሰው አንባቢያችን፥ መልሱን ለመሥሪያ ቤቱ ከመጻፉ በፊት ደብዳቤውን ለቤቱ ሰዎች ቢያነብላቸው፥ ሚስቱ ቁርጧን ሳትፈራ እንድትናገር ቢጠይቃት፥ ከተቻለም ሁለቱም አስቀድመው ከተማውን፥ ትምህርት ቤቱንና የኪራዩን ዋጋ በዓይናቸው ቢያዩ መልካም ይመስለናል። አለቆችም ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ሲሆኑ የአንዱን ምደባ ከሌላው ነጥለው ባያዩት፥ ልጆችም ከዓመቱ ፈተና በፊት ከክፍላቸው የማይነሡበትን ጊዜ ቢመርጡ፥ የሚያገኙት ሠራተኛ ልቡ ያልተከፈለ ይሆናል።

ደራሲዎቻችንን የምንለምነው ግን ሌላ ነው። በ1895 ዓ.ም. ግድም ባቡር ከቆረቆራት ከድሬዳዋ ጀምሮ፥ ከተሞቻችን በአብዛኛው ከሌላ ስፍራ ተዛውረው በመጡ ቤተ ሰቦች የቆሙ ናቸው። የጣቢያ ሠራተኛው፥ የፖስታ ቤት ጸሐፊው፥ መምህሩና የጤና ረዳቱ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ምን እንደ ተባባሉ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ደራሲ ወደ እነርሱ ሄዶ ቢጠይቅ፥ በተለይም ሚስቶቹን ቢጠይቅ፥ እስካሁን ያልተጻፈውን የታሪካችንን ክፍል ያገኛል።