የማን ጣራ ነው?

ሰበታ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣበት አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ ባለፈው ዓመት ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ሰቀለ። በድሮን የተነሳ የሰፈራችን ፎቶ ነው፤ ካሜራው ከሰማይ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ያየበት፣ የሰው ቁመት የሚያክል። እንደተሰቀለ ሰሞን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። የገባው ሁሉ ስኒውን እንደያዘ ይነሣና አፍንጫውን ከፎቶው ጋር ያጣብቃል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «የኔ የታለ?»

የዕድሜዬን ግማሽ ተማሪዎችን «የዚህ ሥራ ውበቱ ምኑ ላይ ነው?» እያልኩ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ቡና ቤት ግን «እንዴት ያምራል!» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ጡረታ የወጡ ሾፌር ጎረቤቴ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጣታቸውን አንዲት የዛገች ቆርቆሮ ላይ ተክለው «ይቺ ናት! ጎማዬን አየሁት» አሉ። ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይገነጥለው የጫኑት የአይሱዙ ጎማ ነው፤ ከሰማይ ሲታይ የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ አወቁት። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ፊታቸው ጠቆር አለ። «ማንን አስፈቅዶ ነው ግቢዬ የገባው?»

እኔ ለዓመታት በክፍል ውስጥ ካቀረብኳቸው ጥያቄዎች ይቺ የሴትዮዋ ጥያቄ ትበልጣለች።

ለፎቶ አንሺው ፍርድ ላለማጉደል ግን ከበጎው ልጀምር። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ያነሳው በማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ስለነበር የሰው ሁሉ ጥላ ከሰውየው ይረዝማል። የጅማው መንገድ ፎቶውን ሰያፍ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ባጃጆቹ ጥንዚዛ መስለው ዳርና ዳር ተኮልኩለዋል። ከሁሉም ከሁሉም ጣራዎቹ! አዲሱ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ የአምስት ዓመቱ ደብዝዟል፣ የሃያ ዓመቱ እንደ ደረቀ ደም ቡናማ ሆኗል። ሰፈሩ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሰፋ ከዝገቱ ማንበብ ይቻላል። መሬት ላይ ቆሜ ይኼን አይቼ አላውቅም። የወጨጫ ተራራ ከቤቴ በላይ ነው፤ ወጥቼ ላይ እችል ነበር። ስንፍናዬን ፎቶው አሳበቀብኝ።

ችግሩ የሚመጣው ይኼንኑ ፎቶ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ስታዩት ነው። ያቺው በርበሬ፣ ያው የጃንጥላ ረድፍ፣ ያው የኮንዶሚኒየም ሰልፍ በየካላንደሩ፣ በየቢሮው መግቢያ፣ በየሞባይሉ አለ። ቡራዩም ይነሳ ሱሉልታ፣ አሠራሩ አንድ ዓይነት ሆኗል። ድሮኑን ቀጥ አድርጎ ማቆም፤ ቁልቁል ማየት፤ ቀለሙን ማድመቅ። በርበሬው ቀይ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ያሰጣችው ሴት ጥቁር ነጥብ ትሆናለች፤ ማስነጠሱ የለም። በርበሬ ያለ ማስነጠስ ምኑን በርበሬ ሆነ?

በእኛ አገር የሰው ግቢ ሲኬድ በሩ ክፍት እንኳ ቢሆን ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት ወግ ነው። «ቤቶች!» የምትለው ቃል ብዙ ሥራ ትሠራለች። ውስጥ ያለችው ሴት ነጠላዋን ትፈልጋለች፣ የሚታጠበው ልጅ ይደበቃል፣ ውሻው ይታሰራል። ሰው ለመታየት ይዘጋጃል። በመደበኛው ፎቶግራፍም ቢሆን እንዲሁ ነበር፤ ፎቶ ቤት ስንሄድ ጸጉራችንን አበጥረን፣ ኮሌታችንን አስተካክለን ነው። ድሮን «ቤቶች!» አይልም። በሕጉ በኩል እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሴትዮዋ የጠየቁት ፈቃድ ግን ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚወጣ አይደለም።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ናዳር በባሉን ተንሳፍፎ ፓሪስ አጠገብ ያለ መንደርን ከላይ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ወደኛ ስንመጣ፣ ስዊዛዊው አብራሪና ፎቶ አንሺ ዋልተር ሚተልሆልዘር እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎከር አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ አዲስ አበባን ከአየር አንስቷት ነበር፤ ፎቶዎቹ እስከ ዛሬ ዙሪክ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚሁ ሰማይ ላይ ሌሎች አውሮፕላኖች መጡ። ከአብራሪዎቹ አንዱ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው የጦርነት ማስታወሻው ቦምቡ የበተናቸውን ኢትዮጵያውያን ፈረሰኞች ከምትፈነዳ የጽጌረዳ እምቡጥ ጋር አመሳስሏቸዋል። መጀመሪያ ስለዚህ ሳነብ ያንገሸገሸኝ ጭካኔው ነበር። ቆይቶ ግን ከጭካኔው የባሰ ነገር ታየኝ፤ ምሳሌው በቅርጽ ረገድ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ከፍታ ላይ የሚበተን ሰውና የሚፈነዳ አበባ አንድ ይመስሉ ይሆናል። ስህተቱ ዓይኑ ላይ ሳይሆን የቆመበት ቦታ ላይ ነው።

የሰፈራችንን ልጅ ከዚያ ሰውዬ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ እግዜር ያሳያችሁ። ከላይ ሲታይ ሰው በቀላሉ ጌጥ እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

አሮጌው መምህርነቴ ይነሣብኝና ነገሩን በልብ ወለድ ቋንቋ ላስረዳ። «ሁሉን አወቅ» የምንለው ተራኪ አለ። ከላይ ሆኖ ከተማውን ሁሉ ያያል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ቤት ራት እንደሌለ ያውቃል። እኛ አንባቢዎች ይኼን ሥልጣኑን የምንፈቅድለት ግን በአንድ ውለታ ነው። ከላይ አይቶ ሲያበቃ ጣራውን አልፎ ይገባል፤ የባለታሪኩን ልብ ያሳየናል። ጣራው ላይ የሚቀር ሁሉን አወቅ ተራኪ ብታገኙ መጽሐፉን በሃያኛው ገጽ ትዘጉታላችሁ። የድሮን ፎቶ ሥልጣኑን ወስዶ ውለታውን የማይከፍል ተራኪ ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ድሮኑ ጋ ጻድቁም ኃጥኡም አናት ብቻ ነው።

ከእኛዎቹ ፎቶ አንሺዎች ግርማ በርታ የዚህን ግልባጭ ሠርቷል። «ሙቪንግ ሻዶውስ» በተባለው ሥራው የአዲስ አበባን መንገደኞች ከነጥላቸው ቆርጦ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ አቆማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስን የኢንስታግራም ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። መንገዱን አጥፍቶ ሰውየውን አስቀረ። የድሮኑ ፎቶ መንገዱን አስቀርቶ ሰውየውን ያጠፋል።

ከፍታ ሁሉ ክፉ ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዳትወስዱኝ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር መስቀል አደባባይን የሞላውን የአንድ ቀለም ካናቴራ ከላይ ማየት ደስ ይላል፤ ሰዉ የመጣው አንድ ቀለም ሊሆን ነዋ! ፍቅሬ ግን ለሌላ ሰው ነው። የሀንጋሪ ተወላጁ አንድሬ ከርቴሽ እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ዋሽንግተን ስኩዌር የሚባለውን መናፈሻ ቁልቁል የሚያይ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1985 እስኪሞት ድረስ ከዚያ መስኮት ያንኑ መናፈሻ አነሳ። በረዶ ሲጥል፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ አንድ ሰው ብቻውን በአጥሩ ዳር ሲያልፍ። የሚያየው ሰያፍ ስለነበር ዛፉ ግንድ አለው፣ ሰውየው ኮት አለው። ዋናው ነገር ግን አንግሉ አይመስለኝም። ከርቴሽ በማግስቱም እዚያው ነው። ዳቦ የሚገዛው በሚያነሳቸው ሰዎች መካከል አልፎ ነው። የኛዎቹ ድሮኖች ባትሪያቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ታሪክ አለ፤ ካልነገርኳችሁ አላምንበትም።

የባለቤቴ አክስት ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩ በሚወስደው በኩል፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ቤታቸውን የሠሩት ከ1997 ዓ.ም በፊት ነው፤ ሰነድ ግን የላቸውም። እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰነድ አልባ ይዞታ ወደ ሕጋዊነት እንዲገባ ቤቱ በ1997 ዓ.ም በተነሳው የአየር ካርታ ላይ መታየት ነበረበት። አክስቴ ወረቀታቸውን ታቅፈው ቢሮ ሄዱ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ልጅ ፈልጎ ፈልጎ «እማማ፣ እዚህ የሚታየው ዛፍ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው። ቤቱ ባህር ዛፍ ስር ነበር። ነፋስና ፀሐይ እንዲከላከልላቸው በገዛ እጃቸው የተከሉት ባህር ዛፍ!

«ዛፍ ስር ሰው አይኖርም ወይ?» አሉት። ልጁ ምን ይመልስ?

ሁለት ዓመት ተመላለሱ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ባለሙያ ምስሉን አጉልቶ ሲያይ በቅጠሉ መካከል አንዲት ነጭ ነጥብ አገኘ፤ ምስር የምታክል። የቆርቆሮ ጥግ ናት። በዚያች ቅጽበት ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጥግ አግኝታው ኖሯል። ቤቱ በእሷ ተረጋገጠ። አክስቴ የምስሉን ቅጂ ለምነው ወስደው በሠርግ ፎቷቸው ጎን ሰቅለውታል። ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ቅንብር የሚባል ነገር የለውም። ያነሳው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ውበት ሊሠራም አልተነሣም። እኔ ካየኋቸው የከተማ የአየር ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ከላይ ማየት ጭካኔ ነው ስል አክስቴ በነጭ ነጥባቸው አፌን ያስይዙኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ ስለዚሁ ስለ ጣራ ሌላም ነገር አይተናል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ውስጥ በተጠቃለሉበት በ2015 ዓ.ም በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሰው ሰፈር አንዱን ከላይ የሚያሳይ ፎቶ በስልክ አሳይተውኝ ነበር። ቤት ከላይ ሲታይ ውስጡ የሚታወቀው ሲፈርስ ብቻ ነው። ጣራው የለም። የሳሎኑ ሴራሚክ፣ የመኝታ ቤቱ አረንጓዴ ግድግዳ ጉማጅ፣ ምድጃው የነበረበት ጥቁር ክብ ሁሉ ይታያል። ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ሁሉን አወቁ ተራኪ ጣራውን አልፎ ገብቷል፤ ውስጥ ግን ሰው የለም።

ወደ ቡና ቤቱ ልመለስና ላብቃ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዱ ተነሥቶ በእስክሪብቶ ጣራው ላይ ስሙን ጻፈ። ባለቤቱ ተቆጣ፤ ገንዘብ አውጥቶ ያሳተመው ነው። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ስሞች ተጨመሩ። ባለቤቱ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና እስክሪብቶ በክር አስሮ ከፎቶው አጠገብ አንጠለጠለ። ዛሬ ፎቶው በስም ተሞልቷል። ጎማ ያለበት ጣራ ላይ የሾፌሩ ስም አለ። ሴትዮዋም በርበሬው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለችው ጥቁር ነጥብ ላይ ስማቸውን አስጽፈዋል።

እኔ ጣራዬን እስካሁን አላገኘሁትም። ባለቤቴ ግራቪላው ስር ነው ትላለች።