ሙቀጫውን ይዛ የተመለሰችው

በዚህች ጽሑፋችን ላይ ስለወጡ የእምነት ድርሰቶች የቀረበ ሂስ



ባለፉት እትሞች፣ በእጅ እየተገለበጠች ከድንኳን ድንኳን በምትዞረው በዚህች ጽሑፋችን ላይ ከወጡት ድርሰቶች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ናቸው። ይኸውም የእግዚአብሔርን የተስፋ ቃል ስለማመንና እርሱ ሲጠራ ተነሥቶ ስለመሄድ ነው። አዘጋጆቹ እነዚህን ድርሰቶች አንብበን ሂስ እንድንጽፍባቸው በጠየቁን ጊዜ ወዲያው እሺ አላልንም። በመጠለያ ውስጥ የሰውን ተስፋ መተቸት፣ የተራበ ሰው ወደ አፉ ያደረሰውን ጉርሻ እንደመመዘን ሆኖ ታየን። ደራስያኑም ቢሆኑ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ ለመቅዳት ከእነርሱ ጋር በአንድ ሰልፍ እንቆማለን። ይሁንና ያልተተቸ ጽሑፍ አያድግም። ከምንተቻቸውም ድርሰቶች አንዱ የራሳችን ስለሆነ ይህ ሂስ ብቻ ሳይሆን፣ አባቶቻችን በደርግ ዘመን ይሉት እንደነበረው፣ ግለ ሂስም ጭምር ነው።

የድርሰቶቹ አካሄድ ተመሳሳይ ነው። አንዲት እናት ወይም አንድ ወጣት አገሩን ጥሎ ይወጣል። ይራባል፣ ይታመማል፣ ይጸልያል። ከዚያም ሕልም ያያል፤ ወይም አንድ ጥቅስ ልቡ ላይ ያርፋል። ጥቂት ገጾች አልፈው ስልክ ይደወላል፤ ኬዙ አልፏል ይባላል። በመጨረሻው ገጽ ሁላችንም ሀርጌሳ አየር ማረፊያ እንገኛለን። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ይነሣል፤ ባለታሪኩ በመስኮት ቁልቁል እያየ ያለቅሳል፤ ድርሰቱም በምስጋና ያልቃል።

በመጀመሪያ መልካሙን እንናገር። ከድርሰቶቹ ሁሉ የላቀው ባለፈው እትም የወጣው፣ የአንዲት እናት የጉዞ ቀን ታሪክ ነው። ደራሲዋ ዓይን አላት። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ስም የተጻፈበትን ነጭ የላስቲክ ከረጢት፣ እናቲቱ በደረቷ አቅፋ ለማንም እንዴት እንደማትሰጥ ጽፋልናለች። ከሁሉም የበለጠው የሚዛኑ ትዕይንት ነው። ሻንጣው ሲመዘን ከተፈቀደው ይበልጣል። እናቲቱ በርበሬውን ታያለች፣ ሽሮውን ታያለች፣ በመጨረሻ የቡና ሙቀጫዋን ከነዘነዘናው አውጥታ፣ ልትሸኛት ለመጣች ጎረቤቷ በበሩ በኩል ትመልስላታለች። ስለ እምነት አንድም ቃል አልተነገረም፤ ነገር ግን ሰው አገሩን ሁለት ጊዜ እንደሚለቅ እዚያች ሙቀጫ ላይ አየን። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ መጠለያ መጻፉ ያኮራናል።

ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። እናቲቱ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ድርሰቱ ተከትሏት ይገባል፤ አውሮፕላኑ ይነሣል። ሙቀጫውን ተቀብላ በሩ ላይ የቀረችው ሴትስ? ስም እንኳ የላትም። በየትኛው መኪና ተመለሰች? ያን ዕለት ማታ ቡና አፈላችን? እርሷስ አልጸለየችም ነበርን? ደራሲዋ እነዚህን አልጠየቀችም። ለምን ቢባል በድርሰቱ ስሌት የተስፋ ቃል የተፈጸመላት የሄደችው ናት፤ የቀረችው ግን የትዕይንቱ ዕቃ ናት።

የራሳችን ጥፋት ከዚህ ይከፋል። «ጥሪ» ብለን በጻፍነው ድርሰት የእግዚአብሔርን ጥሪ በአየር ማረፊያው ድምፅ ማጉያ መስለነው ነበር፤ ስም ይጠራል፣ የሰማ ይነሣል፣ ያልሰማ ይቀራል አልን። ምሳሌው ሲነበብ ያምራል። ድምፅ ማጉያው ግን የሚጠራው ትኬት የተቆረጠለትን ሰው ብቻ መሆኑን ዘነጋን። ሳናውቀው እግዚአብሔርን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እምነትን ደግሞ የተሟላ ፋይል አደረግን።

ይህ የአጻጻፍ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ ባላጠፋንበት ነበር። ነገር ግን ሰው ያነበውን ይኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞችን የመቀበል ፕሮግራሙን ባገደ ጊዜ፣ በየአገሩ የጉዞ ቀን ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች በረራ ተሰርዟል። በእኛም ሰፈር ፋይሉ የቆመበት አንድ ወንድም አለ። ድስቱንና ፍራሹን አስቀድሞ ለሰው ሰጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ጸሎት መምጣት ተወ። ለምን ብለን ብንጠይቀው፣ «እናንተ በጻፋችሁት መሠረት ከሆነ እኔ ያልተጠራሁ ነኝ» አለን። መልስ አጣን። ድስቱን ለማስመለስ ፈቃደኞች አገኘን፤ ድርሰታችንን ግን ማስመለስ አልቻልንም።

እንግዲህ ደራስያኑ ሁሉ ወደሚጠቅሱት መጽሐፍ እንመለስና እንደ ድርሰት እናንበው። የጥሪ ነገር ሲነሣ ሁሉም አብርሃምን ይጠራሉ፤ ከአንባብያኖቻችን መካከል ያሉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ኢብራሂም ብለው ያከብሩታል። በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው አብርሃም ሲጠራ ዕድሜው 75 ነበር፤ የሚሄድበት አገር ስም እንኳ አልተነገረውም። ከነዓን እንደ ደረሰ ወዲያው የተከተለው ረሃብ ነው፤ ከተስፋይቱ ምድር ወደ ግብፅ ተሰደደ። ይስሐቅ የተወለደው አብርሃም 100 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያች ምድር በእጁ ገብቶ የምናየው ርስት፣ ሣራን ለመቅበር በ400 ሰቅል ብር የገዛው እርሻና በውስጡ ያለው ዋሻ ነው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም በ11ኛው ምዕራፍ እነዚያ አባቶች የተስፋውን ቃል ፍጻሜ ሳያገኙ፣ ከሩቅ አይተው እንደ ሞቱ ይመሰክራል። ታዲያ በእኛ ደራስያን ሚዛን ቢመዘን አብርሃም ራሱ ኬዙ ያላለፈለት ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንበል። ምዕራፍ 16 ሲያልቅ አብርሃም 86 ዓመቱ ነው፤ ምዕራፍ 17 ሲጀምር 99 ሆኗል። በሁለት ቁጥሮች መካከል 13 ዓመታት በዝምታ አለፉ። ሕልም የለ፣ ድምፅ የለ፣ መልአክ የለ። በጎቹ ግን ውኃ ይጠጡ ነበር፤ እንጀራም ይጋገር ነበር። እኛ ዛሬ ያለነው እነዚያ 13 ዓመታት ውስጥ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ዝም ብሎ ቢያልፋቸው ያምርበታል፤ እኛ ግን የምንኖርባቸውን ዓመታት ዘልለን አየር ማረፊያ ላይ ስንገኝ ሕይወታችንን ከድርሰታችን አስወጣን ማለት ነው።

ሦስት ደራስያን ደግሞ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11ን ጠቅሰዋል፤ በብዙ ድንኳንም ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ስለ መልካም ሐሳብና ስለ ተስፋ የሚናገረው ነው። ምርጫው ትክክል ነው፤ ምዕራፉ በባቢሎን ላሉ ስደተኞች የተላከ ደብዳቤ ነውና። ነገር ግን ከላዩ ያለው ቁጥር 10 ስለ 70 ዓመት እንደሚናገር ማንም አልጻፈም። ደብዳቤው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስላላችሁበት ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል መንፈስ ያለው ነው። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ሲያስደስት እናገኘዋለን፤ ኤርምያስም ሕዝቡን በሐሰት አስታመንህ ብሎ ወቀሰው። «በዚህ ዓመት ሁላችሁም ትወጣላችሁ» እያሉ ለሚጽፉ ወንድሞች ከሐናንያ ጎራ እንዳይቆጠሩ እንሰጋላቸዋለን።

ሙግት እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ታዲያ ሰው እዚሁ ይቅር፣ ፕሮሰሱን ይተው ነው የምትሉት?» የሚለን ይኖራል። አላልንም። ኢንተርቪው የተጠራ ይሂድ፤ የተሳካለትን ሸኝተን እናለቅሳለን። የኤርምያስም ደብዳቤ የመመለስ ተስፋ አለው። የምንለው፣ የቆንስል ውሳኔና የእግዚአብሔር ቃል ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በተሰረዘ ቁጥር ሁለተኛው የተሰረዘ አይምሰለን ነው።

በዝምታው ዓመታት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ። በሕፃንነቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በዚያ አቅራቢያ እምኩሉ በተባለ ቦታ፣ በስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ዘንድ ተምሮ በ1872 ተጠመቀ፤ ወደ ስዊድንም ተልኮ ሠለጠነ። ጥሪዬ ወደ ወገኖቼ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1880ዎቹ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አንደኛው በሱዳን በኩል ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ መንገዱ ተዘጋበትና ወደ እምኩሉ ተመለሰ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው።

በመካከሉ ምን ሠራ? እምኩሉ የተሰደዱና ከባርነት የተፈቱ ሰዎች የተሰበሰቡበት፣ ሙቀቱ የማይቻል የባሕር ዳርቻ ሰፈር ነበረ። አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅም በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ነፃ ወጥታ እዚያው መጣች። እርሷ በልጅነቷ የሰማችውን የኦሮሞ ቃላት፣ ተረትና ምሳሌ ከትዝታዋ ሰበሰበች። ከዚያ ጉልበት በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ፣ በ1894 ጀልቀበ በርሲሳ የተባለው የንባብ መጽሐፍ፣ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ታተመ። መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ለወጣ ሰው የንባብ መጽሐፉ በተለይ የሚገርም ነው። ለተማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ንባብ ከውጭ ቋንቋ የተቀዳ ሳይሆን ከአያቶቹ ተረት የተወሰደ ነበር። ያን ሲጽፉ ተማሪዎቻቸው ከመንገዱ ማዶ ነበሩ፤ መንገዱም ዝግ ነበር። ኦነሲሞስ ከደረሰ በኋላም ክስ ቀርቦበት እንዳይሰብክ ተከልክሏል። እንግዲህ መድረስ የመጨረሻ ገጽ አይደለም፤ ደራስያን ይህን ያዙልን።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር እንጨምር። በድርሰቶቻችን ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ሁልጊዜ የሰማይ ደጅ ነው። ዛሬ በኢጋል ስም የሚጠራው ይህ ሜዳ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ ሜዳ እየተነሡ ይህችኑ ከተማ ደበደቡ። በከተማው መሐል በሐውልት ላይ የቆመችው ሚግ የዚያ መታሰቢያ ናት። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ሐርተሼክ በተባለው መጠለያ ድንኳን ጣለ። ያ መጠለያ በ2004 ተዘግቷል፤ ብዙዎቹ ተመልሰው የፈረሰችውን ከተማ ሠርተዋል። ዛሬ ሱቅ ላይ ስኳር የሚሸጥልን ሽማግሌ የራሽን ካርድ ምን እንደሆነ ከእኛ በፊት ያውቃል። በዚህ ሜዳ ላይ የሚጽፍ ሰው እርሱን ጠይቆ ቢጽፍ ድርሰቱ ሥር ይኖረዋል።

በእኛ ክፍል፣ ማለት በሸራው ሥር፣ ጭራው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሆነው የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሲያልፍ ልጆቹ ንባብ አቁመው ወደ ላይ ያያሉ። ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ቦሌ ያርፋል፤ እኛ ልንሄድበት የማንችለው ቤታችን ማለት ነው። ድሮ «አትዩ፣ አንብቡ» እንላቸው ነበር። አሁን እስኪያልፍ አብረን እንጠብቃለን፤ ከዚያ ያቆመው ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል።

በመጨረሻ ለሙቀጫው ድርሰት ደራሲ አንድ ልመና አለን። እህታችን፣ ሁለተኛውን ክፍል ጻፊልን። በሩ ላይ የቀረችውን ሴት ስም ስጫት፤ በመንገድ አስመልሻት፤ ሙቀጫውን የት እንዳስቀመጠችው ንገሪን። ብትጸልይም ባትጸልይም እንዳየሽው ጻፊ። ወረቀት ካጠረሽ ከትምህርት ቤቱ ደብተር አራት ገጽ አስቀምጠንልሻል፤ ልጅ ልከሽ ውሰጂ።