ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

በዚህ አገር መቼም የማይጠፋ ነገር ቢኖር «ኔትወርክ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ባንክ ስትሄዱ አለ፤ ቀበሌ ስትሄዱ አለ፤ ቲኬት ቢሮ ስትሄዱ «ሲስተም የለም» ተብሎ ስሙን ቀይሮ ይጠብቃችኋል። ድሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል ነበር። ያኛው ጡረታ ሳይወጣ ለዚህኛው ሥራውን አካፈለው።

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ባለቤቱን ይፈልጋል። «ኔትወርክ የለም» ባለቤቱ ማነው? ሰዋስው «ራሱ ኔትወርኩ ነው» ይለናል። ማንም አልቆረጠውም፤ ማንም አልዘጋውም፤ ማንም ሳይጠግነው አልቀረም። እንደ ጮቄ ጉም በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ሄደ!

እስቲ ባሶ ሊበን ወረዳ፣ ይጁቤ፣ አንድ መምህር ቤት እንግባ እንበል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት አልከፍት ብሎታል። «ኔትወርክ የለም» ብሎ ክዳኑን ሊገጥመው ይችላል። ግን የቅኔ አገር ሰው አይደል? ቅኔ ሲጠጥርበት «ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ?» ብሎ ይፈታል እንጂ «ቅኔ የለም» ብሎ አይነሣም።

ይፍታው እንግዲህ። መጀመሪያ መብራት አለ? ዋይፋይ የሚያድለው ራውተር በርቷል? የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ስም አውጥቷል ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ ሩቅ ጓዳ ተቀምጦ ይሆናል። ወፍራም ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ ጭራሽ ይመልሰዋል። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዋይፋይ ደግሞ ከ2.4ቱ ይልቅ ግድግዳ ይከብደዋል። ቀጥሎ «ፒንግ» በሚባለው ትእዛዝ ራውተሩን፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1ን፣ ይጥራው። አቤት ካለ ቤቱ ደኅና ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን የጉግልን 8.8.8.8 ይጥራ። እሱም አቤት ካለ መስመሩ ደኅና ነው። ቁጥሩ እየመለሰ በስም የሚጠራው ገጽ ብቻ እንቢ ካለ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው አገልግሎት ላይ እክል ሊኖር ይችላል።

አያችሁ? አንዷ «የለም» ስትፈታ አምስት ባለቤት ወጣላት።

ስድስተኛው ባለቤት ግን በፒንግ አይገኝም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲገደብ፣ መንግሥት «ፈተና እንዳይሰረቅ ብዬ ነው» አለ። ውሳኔውን ልንቃወም እንችላለን፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ባለቤት ነበረው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የይጁቤው መምህር ስልኩን ቢያጠፋ ቢያበራ፣ ከቆርቆሮው ሥር ወጥቶ ኮረብታ ላይ ቢቆም ምን ይጠቅመዋል? በሩ የተዘጋው በውጭ ነው፤ እሱ ግን የራሱን ቁልፍ እየፈተሸ ይውላል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ አያበቃም። መምህሩ ሁለተኛ ዲግሪውን በርቀት እየተማረ ነው እንበል። የጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን አለፈው። «ኔትወርክ አልነበረም» ቢል ማን ያምነዋል? በየመስኮቱ ለስንፍናም፣ ለምሳ ሰዓትም፣ ለብልሽትም እየዋለ ያለቀ ቃል ነው! እውነቱን ለመናገር የቀረው ቃል የሐሰተኞች መጠቀሚያ የሆነ ቃል ብቻ ነው። እኔ ከመቋረጡ እኩል የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

«ታዲያ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ምን ታድርግ? እሷም እኮ አታውቅም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የምታውቀውን ግን መናገር ትችላለች፦ «መብራት ጠፍቷል»፣ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር አልገናኝ ብሎናል»፣ «ለቴክኒሻን ነግረን እየጠበቅን ነው»። አለቆቿም «ዘግተናል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዚህ ቀን እንከፍታለን» ማለት ይችላሉ። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ግሥ አልጎደለውም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ነገ «ኔትወርክ የለም» ሲሏችሁ ቶሎ አትመለሱ። በትሕትና «የቱ ጋ ነው የጠፋው?» በሉ። መልስ ባይኖርም፣ ባለቤቱን የሚፈልግ ሰው እንዳለ ይታወቅ።