«ሾ»፦ ምርመራ ወይስ ማመካኛ?

ካምፖ የተሰኘው የጃፓን ባህላዊ የዕፅዋት ሕክምና መድኃኒት የሚያዝዘው በበሽታው ስም ሳይሆን «ሾ» በሚባለው የምልክቶች ስብስብ ነው። ሐኪሙ የልብ ትርታ ይዳስሳል፣ ምላስ ያያል፣ በተለይም ሆድን በእጁ ይመረምራል። «ሾሳይኮቶ» የተባለው ቅምር ለምሳሌ ትኩሳትና ብርድ ለሚፈራረቅበት፣ አፉን ለሚመረውና ከጎድን አጥንቱ ሥር ለሚወጥረው ሕመምተኛ የሚገባ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ቅምር ሾን ሳይመለከቱ ሥር ለሰደደ የጉበት ብግነት በብዛት ሲታዘዝ ቆየ። እ.ኤ.አ. በማርች 1996 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ከ1994 ወዲህ 88 ሕሙማን በኢንተርስቲሽያል ኒሞኒያ መያዛቸውንና 10ሩ መሞታቸውን አስታወቀ። ብዙ የካምፖ ወገኖች ጥፋቱን ሾን ባለማየት ላይ ጣሉት።

ክርክሩ ከፊል እውነት አለው፤ ግን እጅግ አመቺ ነው። ጉዳት በደረሰ ቁጥር ሾው ተስቶ ነበር ማለት ይቻላልና! ሁለት ሐኪሞች አንዱን ሆድ ለየብቻቸው ዳስሰው በአንድ ሾ መስማማታቸው እስካልተመዘነ ድረስ አባባሉ አይረጋገጥም፣ አይስተባበልምም። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ስያሜዎች በአይሲዲ-11 ማካተቱም ለቆጠራ ይረዳል እንጂ ትክክለኛነታቸውን አይመሰክርም። ቅምሩን እየወሰደ ደረቅ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ለጀመረው ሕመምተኛ መድኃኒቱን ማቋረጥና ደረቱን በራጅ ማየት በሾ ከመከራከር ይቀድማል።