የቄስ አዳሙ ተስፋው ሥዕልና የገዢው ዓይን

ለገበያ የተሣለ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ያነሰ ነው የሚለው ፍርድ በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። ቢቸና ተወልደው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገውና ቅስና ተቀብለው፣ ኋላ በአዲስ አበባ ለመታሰቢያ ዕቃ ነጋዴዎች እየሣሉ የኖሩት ቄስ አዳሙ ተስፋው ይህን ፍርድ እንደገና እንድንመረምር ያደርጉናል።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ያለ ከፋይ አላሣለችም። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ወይም መኮንን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙ ተጽፎለት ይታያል። የሠዓሊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ከቢቸናም ከሞጣም ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በደጀን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል። ሙያው በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ሲቀሰም፣ ገንዘቡ ከድልድዩ ማዶ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዋና ከተማዋ የነበሩ የውጭ አገር ዲፕሎማቶችና ተጓዦች የንግሥተ ሳባን ታሪክና የዓድዋን ጦርነት ይፈልጉ ነበር፤ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎችም ይህን በጨርቅ ላይ እየሣሉ ሸጡላቸው። ጨርቅ ተጠቅልሎ በሻንጣ ይገባል፤ ግድግዳ አይገባም። ይህ ፍላጎት ጉዳት ብቻ አመጣ ማለት ግን ስሕተት ነው። ቄስ አዳሙ ከቅዱሳንና ከታሪክ ሌላ የሕዝቡን የዕለት ኑሮ ሲሥሉ፣ ለዚያ ሰፊ ቦታ የሰጣቸው ገበያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ድግግሞሹ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ በየደብሩ በአንድ መልክ የሚሣለው ምእመኑ አውቆት እንዲማጸነው ነው። በሱቅ የሚደገመው ግን ያለፈው ስለ ተሸጠ ብቻ ነው። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ለማያውቅ ገዢ ያ አንድ ዓይን ጌጥ ነው። ጌጡን ደግሞ ትምህርቱ የሌለው ገልባጭም ይሠራዋል፤ ነጋዴውም የተማረውንና የገልባጩን ሥራ በአንድ ዋጋ፣ “ባህላዊ ሥዕል” በሚል አንድ መጠሪያ ይሰቅላቸዋል። የሠዓሊው ስም ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በደብሩ ቢጠፋ ሥራው ለጸሎት ውሏል፤ በሱቁ ግን መጥፋቱን የሚያጸድቅ ምንም ነገር አላገኘሁም።

የቄስ አዳሙ ስም በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ሥራዎቻቸው በስማቸው ሲታዩና ተመራማሪው ሬይመንድ ሲልቨርማን ስለ እሳቸው የጻፈው መጽሐፍ ሲታተም ነው። ለተመራማሪው ምስጋና ይገባዋል። ይህ ግን አስቀድሞ የእኛ ሥራ መሆን ነበረበት።

አንባቢ ሆይ፣ ሥዕል ስትገዛ የሠዓሊውን ስም ጠይቅ፤ ከጨርቁ ጀርባም እንዲጻፍ አድርግ። በቢቸናና በሞጣ አጥቢያዎች ያላችሁም፣ የደብራችሁን ሥዕል ማን እንደ ሣለው የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ መዝግቡ።