የክሊክ ዋጋ የሚወሰነው የት ነው?

አንድ የፎቶግራፍ ድረ ገጽ ሁለት ጽሑፎች አሉት እንበል። አንደኛው በምሽት ጥሩ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ምክር ይሰጣል። ሁለተኛው አዲስ የወጣ ዲጂታል ካሜራ ፈትሾ ገንዘብ ይወጣበት እንደሆነ ይነግራል። በሁለቱም ላይ ያው የካሜራ ማስታወቂያ ቢወጣ፣ ለአስተዋዋቂው የበለጠ የሚጠቅመው ከሁለተኛው የሚመጣው ክሊክ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2004 «ስማርት ፕራይሲንግ» ያለውን አሠራር ሲያስተዋውቅ ይህንኑ የሚመስል ምሳሌ ነበር የሰጠው። ሥርዓቱ ከአንድ ገጽ የሚመጣ ክሊክ ወደ ግዢ፣ ወደ ምዝገባ ወይም ወደ ስልክ ጥሪ የመድረስ ዕድሉን ይገምታል፤ ዕድሉ አነስተኛ መስሎ ከታየው አስተዋዋቂው የሚከፍለውን ይቀንስለታል። የአስተዋዋቂው ሒሳብ ሲቀንስ የድረ ገጹ ባለቤት ድርሻም አብሮ ይወርዳል።

በክሊክ መክፈል የተስፋፋው በፍለጋ ገጾች ነው። ቢል ግሮስ የመሠረተው «ጎቱ ዶት ኮም» በ1998 የፍለጋ ውጤት ቦታዎችን በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ጎግል በ2002 ጨረታውን ወሰደና አንድ ነገር ጨመረበት፦ ማስታወቂያው የቱን ያህል ክሊክ እንደሚደረግ ከቀረበው ዋጋ ጋር ማባዛት። በ2003 ደግሞ «አድሴንስ» መጣ፤ የጎግል ፕሮግራም የሌሎችን ድረ ገጾች እያነበበ ከጽሑፉ ጋር የሚሄድ ማስታወቂያ ማስቀመጥ ያዘ።

ማንበቡ ግን ቃል ከመልቀም ብዙም ያልራቀበት ጊዜ ነበር። በዚያው በ2003 ኒው ዮርክ ፖስት በድረ ገጹ ላይ ተገድሎ አካሉ ሻንጣ ውስጥ ስለተገኘ ሰው ዘገባ አወጣ። ከዘገባው ጎን የወጣው የሻንጣ ማስታወቂያ ነበር! ቃሉ ገጥሟል፤ ዘገባውን ከሚያነቡት መካከል ግን ሻንጣ ልግዛ ብሎ የመጣ የለም።

የቃል አደኑ ከአስተዋዋቂው ይልቅ የድረ ገጽ ባለቤቶችን ነው ያሳበዳቸው። በአሜሪካ በአስቤስቶስ ምክንያት የሚመጣው ሜሶቴልዮማ የተባለው ካንሰር ከፍተኛ የካሳ ክስ ያስከትላል፤ ጠበቃውም ከካሳው ድርሻ ስለሚያገኝ የሕግ ቢሮዎች ለአንድ ክሊክ በአሥር ዶላሮች የሚቆጠር ዋጋ ለማቅረብ አያመነቱም። ይህን የሰሙ ሰዎች ስለ በሽታው አንዳች የማያውቁ፣ ቃሉን ብቻ የሚደጋግሙ ገጾችን እየፈለፈሉ ለቀቁ። ታማሚ ወይም ቤተሰብ ያልሆነ ሰው ደግሞ ለጠበቃው ምንም አይፈይድለትም። ስማርት ፕራይሲንግን የመሰለ አሠራር የዚህ ዓይነቱን ገጽ ክሊክ ያረክሰዋል።

ስለዚህ ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁት ከማስታወቂያው ሳጥን በፊት ገጹን ይመለከታሉ። አንድ የቡና ማሽን ግምገማ ጸሐፊው ሚላን ውስጥ ስለጠጣው ኤስፕሬሶ፣ ስላደረበት ሆቴልና ስለተሳፈረበት ባቡር በሚያወሩ ሦስት አንቀጾች ቢጀምር፣ የሚያነበው ፕሮግራም የጉዞ ማስታወሻ አድርጎ ወስዶት የሆቴል ማስታወቂያ ሊለጥፍበት ይችላል። ማሽን ሊገዛ የመጣው አንባቢ ሆቴሉን ዞር ብሎም አያየውም። ጎበዝ አርታኢ ሚላንን ያወጣል፤ የማሽኑን ስምና ሞዴል ርዕሱ ላይ ያስገባል፤ ዋጋውን፣ የውኃ መያዣውን መጠንና የጽዳቱን ነገር ወደ ላይ ያመጣል። ገጹ ስለ ማሽኑም፣ ስለ ቡና ዓይነቶችም፣ ስለ በዓል ስጦታም የሚያወራ ከሆነ ለሦስት ይከፍለዋል።

ከዚያ በኋላ የክሊኩ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ሺህ ጊዜ የታየ ገጽ ሃያ ሳንቲም የሚያወጡ አሥር ክሊኮች ቢያመጣ ሁለት ዶላር ነው፤ አንድ አንድ ዶላር የሚያወጡ አራት ክሊኮች ቢያመጣ አራት ዶላር። ክሊክ ለማብዛት ማስታወቂያውን ከማውጫው ጋር እያመሳሰለ የሚያስቀምጥ ሰው በስህተት የሚነካውን ያበዛል፤ በስህተት የነካ ሰው ወዲያው ስለሚመለስ የገጹን ዋጋ ያወርዳል፤ አቀማመጡም የአድሴንስን ደንብ ይጥሳል። ርካሽ የመሰለውን የማስታወቂያ ዘርፍ ሁሉ ማገድም ብልህነት የሚመስል ኪሳራ ነው። አድሴንስ ከ2021 ወዲህ አሸናፊው ያቀረበውን ዋጋ ራሱን የሚከፍልበት ጨረታ ስለሆነ፣ ተፎካካሪ ሲሳሳ ከፍ አድርጎ ለመጫረት የሚገፋ ነገር አይኖርም።

አንባቢውን በኩኪ እየተከተሉ ያለፈ ታሪኩን መሸጥ የገጹን ይዘት ዋጋ ያሳጣል ተብሎ ሲነገር ኖሯል። የኔዘርላንድስ የሕዝብ ብሮድካስተር ኤንፒኦ ግን በ2020 መጀመሪያ ክትትሉን አቁሞ ማስታወቂያን ከፕሮግራሙ ይዘት ጋር ብቻ ማገናኘት ጀመረ። የዲጂታል ማስታወቂያ ገቢው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር በጥር 62 በመቶ፣ በየካቲት 79 በመቶ አደገ። ከጭማሪው አንዱ ምክንያት በመሐል ገብተው ድርሻ የሚያነሱ ደላላ ኩባንያዎች መቅረታቸው ነው።

በ2024 አድሴንስ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በዕይታ መክፈል ጀመረ። በክሊክ የሚጫረቱ አስተዋዋቂዎች ግን አሁንም አሉ፤ የሚገዛላቸው ሥርዓት ክሊክ የማግኘት ዕድሉን ገምቶ ዋጋውን ወደ ዕይታ ይመነዝረዋል። ባለሙያዎቹም ዛሬ የሚያፈጡት በየገጹ ከሺህ ዕይታ የተገኘው ገቢ ላይ ነው። ብዙ ሰው እየጎበኘው ጥቂት የሚያስገኝ ገጽ ሲያገኙ፣ ለምሳሌ የቡና ማሽን አጸዳድ መመሪያ፣ አያጠፉትም፤ የጽዳት ዱቄቶችን የሚያወዳድር ሌላ ገጽ ይጽፉና አንባቢው መመሪያውን ጨርሶ ዱቄቱን በሚፈልግበት መስመር ላይ አገናኝ ያኖራሉ።